የላይኛው ጆንያ

ልጄ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የጭነት መኪና ይዛ ከሶማሌ ተራ ልትወጣ ነው። ጆንያው እስከ ላይ ተቆልሏል። ሞተሩ ሲነሳ የናፍጣው ሽታ አባቴን አመጣብኝ።

አባቴ እዚሁ ጫኝ ነበር። አንድ ቀን ልጅ ሆኜ ከመኪና ኋላ ብቆም፣ "ዞር በይ! ጆንያው አንቺ ላይ ነው የሚመጣው" አለኝ።

"መኪናው ወደ ፊት እየሄደ?"

ሳቀና ካርቶን መሬት ላይ አነጠፈ፤ ሳሙና አስቀመጠበት። ካርቶኑን ቀስ ብሎ ሲስበው ሳሙናው አብሮ ሄደ። ሲመነጭቀው ግን ሳሙናው ኋላ ቀረ።

"ሳሙናው መቅረት ነው የሚፈልገው፤ ጆንያውም እንደዚሁ። ከሥሩ ያለው ካርቶንስ ይዞ ወዴት ይጎትተዋል?"

አሰብኩና "ወደ ፊት!" አልኩ።

"ይቺን ልጅ ሰማችኋት?" ብሎ ለጫኞቹ ሁሉ ጮኸ። እኔ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ እንደዚያን ቀን ግን ማንም አስተማሪ አላሞገሰኝም። ለልጄም በካርቶንና በሳሙና ያሳየኋት እኔ ነኝ።

አሁን ማርሽ አስገባች። የላይኛው ጆንያ ነቅነቅ ሲል አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። እሷ በመስኮት አንገቷን አወጣች።

"እማዬ፣ ከኋላ ዞር በይ እንጂ!"

ዞር አልኩ። ቀስ ብላ፣ ሳትመነጭቅ ተነሳች።

"ልጄ ናት" አልኩት አጠገቤ ለቆመው ሰው፣ ሳይጠይቀኝ። ዓይኔ ግን እስከ ሲኒማ ራስ መታጠፊያ ድረስ ከጆንያው ላይ አልተነሳም።