የእሳት መጫሪያዋ ቀዳዳ

ብርሀንነሽ ውሃ ቀድታ ስትመለስ የአብዮት ጥበቃው አሻግሬ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጠመንጃውን በጨርቅ ይወለውል ነበር። ጎረቤቷ ነው፤ የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው።

«እንዴት ዋሉ እትዬ ብርሀንነሽ! ጾሙ እንዴት ይዞዎታል?»

«እግዜር ይመስገን፣ እንደምንም ነው።»

«በርቱ እንጂ! በሶውን በሁለት ዋንጫ ሆነ አይደል የሚጠጡት? አንዱ አልበቃ አለ?» አለና ሳቀ።

እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ እንስራዋን እንዳዘለች መደቡ ላይ ዘፍ አለች። ትናንት ጀንበር ስትጠልቅ በሶውን የበጠበጠችው በሯን ቀርቅራ ነው። ቤቱ መስኮት የለውም። ከእሷ ሌላ እዚያ የነበረች አንዲት ነፍስ ብቻ ናት፤ የዚያችን ነፍስ መኖር ደግሞ በመካነ ሰላም ማንም ማወቅ የለበትም።

ነፍሲቱ ሩቂያ ናት፤ የልብስ ሰፊው የአህመድ ልጅ። አሻግሬ ዛሬ የሚኖርበት ክፍል ቀድሞ የአህመድና የሚስቱ የዘሀራ ነበር። ብርሀንነሽ ከወግዲ ተድራ፣ ባሏን በላይን ተከትላ ወደዚህ ስትመጣ በመጀመሪያ የተወዳጀቻት ዘሀራን ነው። ሁለቱ ሴቶች ተማክረው ከምድጃው አጠገብ ግድግዳውን ሸነቆሩና እጅ የምታሳልፍ ቀዳዳ አበጁ። አንዷ እሳት የጠፋባት እንደሆነ ሌላዋ ፍም በገል ታቀብላታለች፤ እሳት ልጫር ብሎ በዝናብ ከቤት ቤት መዞር ቀረላቸው።

በክፉው ቀን፣ በስድሳ ስድስት፣ በላይ ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ ወርዶ በዚያው ቀረ። ብርሀንነሽ መለመን አፍራ ቤቷን ዘግታ ተኛች። ያኔ በዚያች ቀዳዳ በፍም ፈንታ ቆሎ ይመጣ ጀመር። ዘሀራ በቅጠል ጠቅልላ ታሾልክና «እትዬ፣ እሳት አምጥቻለሁ» ብላ እጇን ትሰበስባለች። ብርሀንነሽ የዚያን ክረምት ሰው ሆና የወጣችው በዚያ ቆሎ ነው።

ኋላ አብዮቱ መጣ። የእነአህመድ ክፍል ትርፍ ቤት ተብሎ ተወሰደና ወደ ወረኢሉ ሄዱ። ብርሀንነሽ ቀዳዳዋን እያለቀሰች በጭቃ ደፈነቻት፤ ግን በራሷ በኩል ብቻ። በወዲያ በኩል እንደተቦረቦረች መቅረቷን ልብ አላለችም።

ሩቂያ ደሴ ትማር ነበር። ጓደኞቿ በቀይ ሽብር አንድ በአንድ ሲለቀሙ በእግሯ ሸሽታ ወረኢሉ ገባች። አባቷ ፍተሻ ፈርቶ ማደሪያ እንኳ ሳይሰጣት «ወደ ብርሀንነሽ ሂጂ» አላት። ብርሀንነሽም በክፉው ቀን ተሟጦ ባዶውን የቀረው ጎታ ውስጥ ሸሸገቻት። ያን ዓመት፣ በሰባ ክረምት፣ ረመዳንና ፍልሰታ ገጥመው ነበር። ብርሀንነሽ ከቅዳሴ መልስ ብትቀምስም ማን ይከለክላታል? ግን ልጅቱን ብቻዋን ማስፈጠር አልሆነላትም፤ ጀንበር እስክትጠልቅ ትጠብቅና አብረው በሶ ይጠጣሉ። ሁለት ዋንጫ።

እንግዲህ አሻግሬ ያንን በየት አየው?

ጭቃ ቤት ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ጣራ የሚያፈስበትን ለማግኘት በጠራራ ፀሐይ በሩን ዘግቶ ጨለማ ውስጥ መቀመጥ ነው፤ ቀዳዳው ራሱ በብርሃኑ ይናገራል። በማግስቱ ፀሐይ ብልጭ ስትል ብርሀንነሽ እሳቷን አዳፈነች፤ የበሩን ስንጥቅ በጋቢ ጠቀጠቀች፤ ተቀመጠች። መጀመሪያ ምንም አልታያትም። ዓይኗ ጨለማውን ሲለምድ ከምድጃው አጠገብ የምስር ፍሬ የምታህል ብርሃን አየች። የእሳት መጫሪያዋ ቀዳዳ! የደፈነችበት ጭቃ ከወዲያ በኩል በስሱ ተፍቆ ተበስቷል።

እጇን ልትሰድ ስትል ብርሃኗ ጠፋች።

ደመና መስሏት ጠበቀች። ተመለሰች፤ ደግሞ ጠፋች። ያን ጊዜ ገባት፤ ዓይን ነው። ከክንድ ባነሰ ርቀት አንድ ሰው ዓይኑን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ወደ ጨለማው ያፈጣል። በዚያው ቅጽበት ጎታው ውስጥ ሩቂያ አስነጠሰች።

ብርሀንነሽ ወዲያው የራሷ አስመስላ አከታትላ አስነጠሰች። «ይማረኝ! ይማረኝ!» አለች ጮክ ብላ፤ ከዚያም የውዳሴ ማርያሟን ንባብ ጀመረች። ምስሯ ብዙ ቆይታ በራች። የአሻግሬ በር ሲጥ ብሎ ተከፈተ፤ ኮቴው ወደ ቀበሌው ራቀ።

«እቴቴ፣ አሁኑኑ እንድፈነው!» አለች ሩቂያ ከጎታው አፍ ብቅ ብላ።

«የደፈንን ለት አወቅን ማለታችን ነው። የምትደብቀው ያላት ናት ቀዳዳ የምትደፍን።»

«ታዲያ እሱ እያየን ልንኖር ነው? ወላሂ እኔ ልውጣና እርስዎ ይትረፉ።»

«ዝም በይ አንቺ! እግዜርም ያየናል። ግን እሱ ያያል እንጂ አያጮልቅም። መንገድ ያበጃል።»

ጎንበስ ብላ ቀዳዳዋ ወዴት እንደምታይ ለካች። ምድጃውንና መደቡን ታያለች፤ ሩቂያ ተቀምጣ የምታፈጥርበትን ጥግና ጎታውን አታይም። ዋንጫውን አንድ ብታደርገው ደግሞ ያው ነው፤ ፈራች ይሆናል ትርጉሙ። ስለዚህ በማግስቱ ራሷ ደጁ ላይ ቆመች።

«ሁለት ዋንጫ ነው ያልከኝ ልጄ? ልክ ብለሃል። አንዷ የእግዜር እንግዳ ድርሻ ናት። በክፉው ቀን የተሳልኳት ስለት ናት።»

አሻግሬ ትክ ብሎ አያት። «እንግዲያው ዛሬ የእግዜር እንግዳ እኔ ነኝ!»

ጀንበር ስታዘቀዝቅ መጣ። ጠመንጃውን የሚያስደግፍበት ሲፈልግ ጎታው ላይ አስደገፈው። ብርሀንነሽ የብረቱን ድምፅ ሰምታ ወደ ጎታው አልዞረችም። በሶውን ሰጠችው፤ ሙሉውን ዋንጫ ሳይተነፍስ ጨለጠው። ከጎታው ውስጥ ኮሽታ የለም። ሩቂያ ቀኑን ሙሉ ውሃ በአፏ አልዞረም፤ የእሷን ድርሻ ነው የጠጣው።

አሻግሬ አፉን በእጁ ጠረገ። «በክፉው ቀን እንዲህ ያለ ስለት የነበራት ሰው አንዲት ብትገኝ እናቴ ኩታበር መንገድ ላይ ባልቀረች» አለ። ጠመንጃውን አንስቶ ወጣ። ብርሀንነሽ አዘነችለት፤ ፍርሃቷ ግን አልለቀቃትም። ያዘነም ዓይን ማጮለቁን አይተውም።

በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ ምስሯ መብራትና መጥፋቷን አላቆመችም። ረመዳኑም ፍልሰታውም ወጣ። የአብዮት በዓል ሲቃረብ የቀበሌው ጡሩምባ ነፊ ቤቱን ያልለቀለቀ ይቀጣል ብሎ ለፈፈ። ብርሀንነሽ ይህን ስትሰማ አማተበች። በነጋታው ለወግዲዋ አብሮ አደጓ ለወርቂቱ መልእክት ላከች፤ ወርቂቱም ለልቅለቃው እገዛ ብላ መጣች።

እበት መለቅለቅ የሴት ሥራ ነው፤ ወንደላጤ ቢሞክረው የመንደር መሳቂያ ይሆናል። አሻግሬም ሳይወድ መጥቶ ራሱን እያከከ ቆመ።

«እትዬ፣ እባክዎን የኔንም…»

«ምን ችግር አለው ልጄ፤ ከራስህ ቤት እጀምራለሁ። ብቻ እንስራውን አንሣልኝ፣ አትሂድብኝ።»

ገባች። ከግድግዳው ሥር በርጩማ አለ፤ ከበርጩማው ትይዩ የዘሀራ ቀዳዳ አፏን ከፍታለች።

«ያችን ጥግ ይተዉልኝ፣ ጠመንጃ የማስደግፍባት ናት» አለ ቶሎ ብሎ።

«የቀበሌው ሊቀ መንበር ጥግ ጥጉን ነው አሉ የሚያየው። ኋላ ሰነፍ ልታሰኘኝ ነው?»

ጭቃ በእጇ ዘግና ወደ ጥጉ ጠጋ አለች። በመጨረሻ «እሺ፣ ይለቅልቁት» አለ። አውቆባት ይሁን ሳያውቅባት እስከ ዛሬ አታውቅም። እጇን እስከ አንጓዋ አስገብታ ጭቃውን ጠቀጠቀችው፤ የዘሀራ እጅ በወጣባት መንገድ።

በዚያን ጊዜ ሁለት ሴቶች ባዶ የእበት ቅርጫት ተሸክመው፣ እስከ ግንባራቸው ጭቃ ተለቅልቀው በበሩ አለፉ። አሻግሬ ዞር አለ።

«ቆንጆዎቹ! ለሰልፉ ታጥባችሁ ኑ!»

«አንተው ታጠብ፣ ጓድ! ከነጠመንጃህ ትሸታለህ!» አለች ወርቂቱ። አሻግሬ ከት ብሎ ሳቀ። ሁለተኛዋ አልሳቀችም፤ እርምጃዋንም አላፈጠነችም። ብርሀንነሽ ዘወር ብላ አላየችም፤ ግድግዳውን በመዳፏ ታለሰልስ ነበር፤ ማለስለስ ከማያስፈልገውም በላይ።

ያን ምሽት፣ ጎታው ባዶውን ቀርቶ፣ በሶ ስትበጠብጥ እጇ ወደ ሁለተኛው ዋንጫ ሄደ። ያልተሳለችውን ስለት በእግዜር ስም ተናግራለች። «ጌታዬ፣ ሐሰቴን እውነት አድርግልኝ» አለችና ሞልታ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ በሯን አንኳኩቶ ያቺን ዋንጫ ያጣ መንገደኛ የለም። አሻግሬ ራሱ ከአንዴም ሁለቴ ጠጥቷታል።

መስቀል ካለፈ በኋላ ወርቂቱ ከወግዲ ለገበያ መጣች። ስለ ሩቂያ አንድም ቃል አልተናገረችም። ከመቀነቷ በቅጠል የተጠቀለለ ቆሎ ፈታ ሰጠቻትና፣ «እሳት አምጥቻለሁ በያት ብላኛለች» አለች።