ከክንፉ ፊት ያሉት መስኮቶች

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ስለ ፕላስቲክ አውሮፕላን ልትናዘዝ መጣህ ወይ ብለው እንዳይስቁብኝ ነው እያልኩ ራሴን ስደልል ኖሬያለሁ። የፈራሁትስ ሳይስቁ ቀርተው፣ ሂድና ለሰውየው ንገራቸው እንዳይሉኝ ነው።

ጋሽ ወልዴ ካዛንቺስ ሳለን ጎረቤቴ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአውሮፕላን መካኒክ። ሰፈሩ ሊፈርስ በተቃረበበት ሰሞን ውጭ አገር ያለችው ልጃቸው ተገጣጥሞ የሚሠራ የአውሮፕላን ሞዴል ላከችላቸው። የተገኘው ግን ረጅሙ ዓይነት ነው፤ እሳቸው ሲጠግኑት የኖሩት የዚያው አውሮፕላን አጭሩ ዓይነት ነበር። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ፣ ሞዴል መገጣጠም እንደምወድ ስለሚያውቁ፣ አሳጥርልኝ አሉኝ። ከክንፉ ፊት ይህን ያህል፣ ከክንፉ ኋላ ይህን ያህል ይቆረጣል ብለው በእርሳስ ስለው ሰጡኝ።

ያን ጊዜ መርሳት ጀምሯቸው ነበር። አንድ ቀን ሜክሲኮ አደባባይ ላይ መንገዱ ጠፍቷቸው ሰው ነው ይዟቸው የመጣው። «ሌላው ሁሉ ይጥፋኝ፤ ያቺን አውሮፕላን ግን መስኮቷን በቁጥር አውቃታለሁ» ብለውኛል። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራዬን ጀመርኩ። አሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ እኔ አንዴ ለክቼ ከኋላ በኩል መጋዙን አሳረፍኩበት። ጠመመብኝ። ላቃና ብዬ ፋቅኩት፤ በፋቅኩት ቁጥር ባሰበት። ሱፐር ግሉው ከፕላስቲኩ ይልቅ ጣቴን ያዘ። በገንኩ። ይህን መከራ ከፊት በኩል ልድገመው? አልደገምኩትም። ከፊት የሚቆረጠውንም ጨምሬ ከኋላ ቆረጥኩትና ተገላገልኩ። በማስመሪያ ሲለካ ጠቅላላ ርዝመቱ ልክ ነው፤ ከክንፉ ፊት ግን ረዝሞ፣ ከክንፉ ኋላ አጥሯል። ስቱኮ ለቀለቅኩበት፣ ቀለም ቀባሁት፣ ማን ያየዋል አልኩ። ማን ያየዋል? ዕድሜውን ሙሉ ሲያየው የኖረ ሰው ነዋ።

ጋሽ ወልዴ ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ከፊተኛው በር ጀምረው መስኮቶቹን በጣታቸው ቆጠሩ። እንደገና ቆጠሩ።

«ከክንፉ ፊት በዙ መሰለኝ» አሉ።

ተበላሸብኝ ማለት እችል ነበር። ሰነፍኩ ማለት እችል ነበር። ምን ይሉኝ ነበር? ምንም። እኔ ግን፣ ያን ሁሉ የማውቀው እኔ፣ እንዲህ አልኩ፦

«ጋሼ፣ ረስተውት ነው። እንዲህ ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ፈርተው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ አልቆጠሩም። አመስግነውኝ ገቡ።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ። እሳቸው ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ፣ እኔ ቄራ ቤት ተከራየሁ። ባለፈው ወር ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሞዴሉ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ እንደነገሩኝ ጋሽ ወልዴ ስለ አውሮፕላን ማውራት ትተዋል፤ የማላውቀውን አልቀባጥርም ይላሉ አሉ። ስለ ድሮው ግቢያችን ሳነሳ፣ ጋሽ ወልዴ በሩ ሰማያዊ ነበር አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሰማያዊ ነበር። ወዲያው ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«ነው ወይስ ተሳሳትኩ? አንተ ንገረኝ፤ ያኔም አርመኸኛል።»

ሰማያዊ ነበር አልኳቸው። ስለ መስኮቶቹም ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ሻይ ጠጣሁበት።

በሽታው ነው እንጂ አንተ ምን አደረግህ የሚለኝ አይጠፋም። በሽታው የወሰደውን ወስዷል፤ ያቺን አውሮፕላን ግን የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ፣ አንድ ጊዜ ደግሜ መቁረጥ ታክቶኝ። አንባቢዬ፣ አንተ ይቅር ብትለኝ አይሠራልኝም። ይቅር የሚሉኝ ሰው አስቀድሞ እንዳልረሱ ሊነገራቸው ይገባል። እኔ ደግሞ ይኸው ዛሬም የነገርኩት ለአንተ ነው።