ስንዴ ያልነካው ወፍጮ

የሽምብራ ቂጣን የመሰለ ቀላል ነገር የለም። ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨው፣ ትንሽ ዘይት። ሽንኩርት ካለ ደቀቅ ተደርጎ ይከተፍበታል፣ ቃሪያም ለሚወድ ሰው። ሊጡ እንደ አጥሚት ቀጠን ብሎ ይበጠበጥና ጥቂት ይተዋል። ከዚያ የጋለ መጥበሻ ላይ ይፈስሳል፤ ጠርዙ ሲደርቅ ይገለበጣል፤ አለቀ። ለጠየቀኝ ሁሉ እንዲህ ብዬ እነግራለሁ። ማን እንዳስተማረኝ ሲጠይቁኝ ግን ወሬ እቀይራለሁ።

ሰበታ ስንገባ ልጄ አምስት ዓመቷ ነበር። ባለቤቴ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ኪራይ ሲያንገሸግሸን እዚህ ትንሽ መሬት ገዝተን ሁለት ክፍል ቤት ሠራን። ልጄ ግን አልበረታ አለች። ሆዷ ይነፋል፣ በየቀኑ ያስቀምጣታል፣ ክንዷ አልቆ ሲያዩት ያስፈራል። ስንት ቦታ ዞረን፣ ስንት ጊዜ የትል መድኃኒት አጠጥተናት፣ በመጨረሻ አንዲት ሐኪም፣ “ስንዴና ገብስ ከዛሬ ጀምሮ እንዳትቀምስ። ግሉተን የሚባለው ነገር ነው አንጀቷን የሚጎዳው” አለችን። አማቴ ይህን ስትሰማ ሳቀች። “ዳቦ የሚያሳምመው ልጅ ደግሞ የት ታየ?” አለች። እኔም በሆዴ እንደዚያው ነበር ያልኩት፤ ነገር ግን ዳቦውን ብንተውላት ልጄ በወሩ ጉንጭ አወጣች።

ጤፍ አይጎዳትም። ወፍጮ ቤቱ ለጤፍ ለብቻው ድንጋይ ስላለው በእንጀራ በኩል አልተቸገርንም። ችግሩ ትምህርት ቤት ስትገባ መጣ። የእሷ ጓደኞች ምሳ ዕቃቸውን ሲከፍቱ ዳቦ ነው፤ እሷ ዘንድ እንጀራ ነው። አንድ ቀን ምሳ ዕቃዋን እንደቋጠርኩላት መልሳ አመጣችና፣ “እኔም የራሴ ዳቦ እፈልጋለሁ” አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ሽምብራ ገዝቼ ለቀምኩ፣ አመስኩ፣ ከክቼ አስፈጨሁ፤ ቂጣም ጋገርኩላት። በደስታ በላች፤ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ታመመች።

እኔ ቁጡ ነኝ፤ አልዋሽም። ወፍጮ ቤት ሄጄ ሰውየውን ሰው ፊት ጮኽኩበት። እሱም ዱቄቱን ከቅንድቡ ላይ እየጠረገ፣ “እቴ፣ ከሽምብራሽ በፊት የገባው ስንዴ ነበር። ድንጋዩን በሳሙና አላጥበው!” አለኝ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። ከኋላዬ የቆመች አንዲት ሴት ብቻ አልሳቀችም። የሳቁ ድምፅ በረድ ሲል ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ “እኔ ቤት የድንጋይ ወፍጮ አለኝ። የሽሮ ብቻ ነው። ነይ” አለችኝ።

እንዲህ ነው የተዋወቅነው። ቤቷ ከቤቴ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ቀጥሎ ካለው የባሕር ዛፍ አጥር ጀርባ። ባሏና እሷ ገበሬዎች ናቸው። ልጄ “አኮ” ብላ ትጠራት ጀመር፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ሴትየዋ ገና አርባ አምስት እንኳ አልሞላትም ነበርና፣ “ይቺ ልጅ አስረጀችኝ” እያለች ትስቅ ነበር። ሆኖም አኮ ሆና ቀረች፤ እኔም አኮ፣ ባለቤቴም አኮ።

ወፍጮዋ ጓዳዋ ውስጥ በጭቃ መደብ ላይ የተቀበረ ሰፊ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ላዩ ላይ መጁ ይቀመጣል። መጀመሪያ ቀን እኔ ፊት ሁለቴ በፈላ ውኃ አጠበችው፣ በአዲስ መጥረጊያ ጠረገችው፣ ከዚያ እፍኝ ሽምብራ ፈጭታ ደፋችው። “አሁን የልጅቷ ሆነ” አለች። ከዚያ ወዲያ የቤቷን ሽሮ እንኳ ከገበያ የመጣ ከሆነ እዚያ ላይ አትፈጭም ነበር፤ ገብስ ቢኖርበትስ ብላ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እሄድ ነበር። እሷ ትፈጫለች፣ እኔ እነፋለሁ፣ ሲደክማት እኔ እንበረከካለሁ። የከተማ ልጅ ነኝና መጁን ስገፋ ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል። “ሱታ፣ ሱታ” ትለኛለች፤ ቀስ በይ ማለቷ ነው። “ድንጋዩ ምን አደረገሽ? ባልሽ ነው ያናደደሽ?” ሊጡን በጥብጬ ወዲያው ልጋግረው ስል እጄን ትመታለች። ዝም ብሎ ይቆይ፣ ዱቄቱ ውኃውን ይጠጣ፣ አለበለዚያ ጥሬ ጥሬ ይላል። የመጀመሪያውን ቂጣ ሁልጊዜ ልጄ ቆማ ትበላዋለች፣ ጣቷ እየተቃጠለ።

አንድ ቅዳሜ አኮ በሬ ላይ ቆማ ግቢዬን ስታይ፣ “እዚህ ምድጃሽ ያለበት ቦታ ላይ፣ የቤታችን ጥሩው ሽምብራ የሚበቅለው እዚህ ነበር” አለች። እየሳቀች ነው ያለችው። መሬቱን እኛ ከሌላ ገዢ ነው የገዛነው፤ ያም ከሌላ። እኔ ቡና ላፍላ ብዬ ገባሁ። እሷም ደግማ አላነሳችው።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ወሬ መጣ። አዲስ አበባ ሰፍታ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን ልታጠቃልል ነው ተባለ። የአኮ ባል፣ በኦሮምኛ አቶ እንደማለት ኦቦ እንለዋለን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አንድ እሑድ ባለቤቴን ይዞ፣ “አንተ የተማርክ ነህ። መስመሩ በየት በኩል ያልፋል? የቀረችኝን ማሳ ይነካታል?” ሲለው ሰማሁ። ባለቤቴ ምን ያውቃል። “አይዞዎት ኦቦ፣ ወረቀት ነው” አለው። ኦቦ ራሱን ነቀነቀና በሬዎቹን ይዞ ሄደ።

ብጥብጡ ሲጀመር ትምህርት ቤት ተዘጋ። ወጣቶቹ ፕላኑን ተቃውመው አስፋልቱን በድንጋይ ዘጉት፤ ሱቁም ወፍጮ ቤቱም ተቆለፈ፤ ስልክም አይሠራም። ባለቤቴ አዲስ አበባ እንዳለ ቀረ። እኔ ከልጄ ጋር በር ዘግቼ ተቀመጥኩ። መጤዎቹን ሊያቃጥሏቸው ነው የሚል ወሬ በየአጥሩ ይሾልካል። እኔ ደግሞ መጤ ነኝ፤ ያውም በሽምብራ ማሳ ላይ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከወደ አስፋልቱ ተኩስ ሰማን። ብዙ አልቆየም። ቀጥሎ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ጩኸት ተነሣ። የአኮን ድምፅ ለየሁት። ኦቦ መንገድ ዳር የቀረች ላሙን ሊመልስ ወጥቶ ጥይት አገኘው። ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። ላሟ ብቻዋን ወደ ቤት መጣች አሉ።

ሁለት መቶ እርምጃ ነው። ልቅሶው ቃል በቃል ይሰማኛል። አልሄድኩም። በሩ ላይ ሦስት ጊዜ ቆሜ መቀርቀሪያውን ያዝኩ፣ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። ልጄ፣ “አኮ ለምን ታለቅሳለች?” ስትለኝ ጆሮዋን በነጠላዬ ሸፈንኩት። ፈራሁ። ሌላ ምክንያት ልፈልግ እችላለሁ፤ ልጅ አለኝ፣ ባሌ የለም፣ ዘመኑ ክፉ ነው። እውነቱ ግን መፍራቴ ነው። ከዚህ የባሰው ገና አልተነገረም።

በማግስቱ ከደቡብ መጥታ ፋብሪካ የምትሠራ ጎረቤቴ ጥቁር ሻሽ አሥራ በሬ ላይ መጣች። እሷም እንደኔ የመጣች ናት፤ እሷም ልጆች አሏት። “ልቅሶ ልሄድ ነው፣ አብረን እንሂድ” አለችኝ። “ልጄን ለማን ትቼ?” አልኳት። ልትሄድ ስትል ጠራኋት። ወፍጮ ቤቱ ከተዘጋ ለለቀስተኛው ቂጣ ስንዴ የሚፈጨው የት እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የታሰበኝ። የልጄ ሆድ ነው የታየኝ።

“እባክሽ አንድ ነገር ንገሪልኝ” አልኳት። “ወፍጮው ላይ ስንዴ እንዳይፈጩበት በያት።”

አፌን በቆረጠው። ባሏ ሞቶባት ላደረች ሴት፣ እግሬን ሳላነሳ፣ ይህን ላክሁባት።

ጎረቤቴ ሲመሻሽ ተመለሰች። መግባት አልፈለገችም፤ በሩ ላይ እንደቆመች ነገረችኝ። ሴቶቹ ስንዴ ሊፈጩ ጓዳ ሲገቡ አኮ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ተከትላቸው ገባች። የባሏን ጋቢ ወፍጮው ላይ ደረበችበት። “ኩን ከን ዳኢማቲ” አለቻቸው፤ ይህ የሕፃኗ ነው። ደግመው ሲለምኗት ጋቢው ላይ ተቀመጠች፣ ለቀስተኛውም እዚያው ጓዳ እየገባ አስተዛዘናት። ስንዴውን ሌላ ቤት ወስደው ፈጩት።

“እና የኔን መልእክት ነገርሻት?” አልኩ።

“እዚያ ላይ ተቀምጣ ነው የነገርኳት።”

“ምን አለች?”

“ምንም። ሰማችኝ።”

በአምስተኛው ቀን መንገዱ ተከፍቶ ባለቤቴ መጣ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ከእሱ ጋር ልቅሶ ገባሁ። ደረቴን ደቃሁ፣ ጮኽኩ፤ ለኦቦም አለቀስኩ፣ ለራሴም። አኮ ጉንጬን ሳመችኝ። “እግዜር ይስጥልኝ መጣችሁ” አለች፤ ለሁሉም የምትለውን። ወንበር አስመጣችልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም፤ ቀጥታ ጓዳ ነበር የምገባው። ያን ቀን ግን ጓዳ ግቢ ያለኝ የለም፣ እኔም አልደፈርኩም። ስወጣ በፌስታል የቋጠረችውን ዱቄት እጄ ላይ አደረገችልኝ። የተፈጨው ኦቦ ከመሞቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ ነው፤ የእኛ ድርሻ።

“ልጅቷ ትብላ” አለች። ቀጥላ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ “በሩን በሩን ሳይ ነበር” አለችኝ። ይቅር በይኝ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ሌላ ለቀስተኛ ገባና እሷ ወደዚያ ዞረች።

ቅዳሜ መጣ፤ አልሄድኩም። የሚቀጥለውም ቅዳሜ መጣ። በምን ፊቴ? ትንሽ ቀን ይለፍ፣ ሐዘኑ ይብረድላት፣ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ዱቄቱን በማንኪያ እየቆጠብኩ እጋግራለሁ።

አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት የአህያ ጋሪ በሬ ላይ ቆመ። ሁለት ሰዎች በጆንያ የተጠቀለለ ነገር እያቃሰቱ አወረዱ። ወፍጮው ነበር። ከመደቡ ላይ በዶማ ተነቅሎ፣ ሥሩ ላይ የደረቀው ጭቃ እንደተጣበቀ፣ መጁ ለብቻው በጨርቅ ታስሮ። “የት ላስቀምጠው?” አለኝ አንደኛው። ምን ብላ እንደላከችው ጠየቅሁት። “ልጅቷ ትፈጭበት ዘንድ ነው። እናቷም ከእንግዲህ አትቸገር፣ እዚህ ድረስ አትምጣ ብላለች” አለ። ሰውየው ክፋት አላየበትም፤ እንደ ስጦታ ነው የነገረኝ። ስጦታም ነው።

ምድጃዬ አጠገብ አስቀመጡት። ልጄ ደስ ብሏት መጁን ልታነሳ ትታገላለች። የሚከብዳት ቢሆንም ሁለት ጊዜ ወደፊት ገፋችው። ከዚያ ቆመችና፣ “እማዬ፣ ታዲያ ቅዳሜ አኮ ጋ ምን ልናደርግ እንሄዳለን?” አለችኝ።

መጁን ከእጇ ተቀበልኳት። ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻዬን እፈጫለሁ፤ ድንጋዩን እስካሁን ስንዴ አልነካውም።