ሰላምታ የሚያበላሸው መድኃኒት

በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ መድኃኒት የሚቀምሙትን ጀግኖች ሳይ ደሜ ይፈላል። ጀግናው ፈረስ እየጋለበ ቅጠል ይሸመጥጣል፣ አንድ ሸክም የሚሆነውን ኪሱ ውስጥ ይከታል፣ አንዲት ቁልፍ ሲነካ «ቲንግ!» ይልና ጠርሙሱ ሞልቶ ይወጣል። ከዚያ ዘንዶው እሳት እየተፋበት ጠርሙሱን በላይ በላዩ ግጥም አድርጎ ይነሳል። ኧረ በስመአብ! እኔ በልጅነቴ ኮሶ ጠጥቻለሁ። ኮሶ የጠጣ ሰው የሚፈልገው ሰይፍ አይደለም፤ ሽንት ቤት ነው፤ እሱንም ሰው ካልቀደመው።

ይህን የምለው ዝም ብዬ ነገር ፍለጋ አይደለም። እኔም ጨዋታ ሠሪ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ጓደኛዬ ከሆነ ልጅ ጋር ግሽ አባይ ሰፈር፣ ወላጆቼ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠን የስልክ ጨዋታ እንሠራለን። እሱ ኮዱን ይጽፋል፣ እኔ ታሪኩንና ሥዕሉን እሠራለሁ። ባለታሪካችን ጣና ዳር ባለ መንደር የምትኖር መድኃኒት ቀማሚ ናት። ለእሷ ብዬ ነው የቢሮ ሥራዬን የለቀቅሁት። ደመወዙ ባይረባም የምሽከረከርበት ወንበር ነበረኝ፤ አባባ ለጎረቤት ሁሉ ያወሩት የነበረው ስለዚያ ወንበር ነው።

ሥራውን በለቀቅሁ ማግስት አባባ እኔን ማናገር አቆሙ። ቢቆጡኝማ በተገላገልሁ። አልተቆጡም፤ የሚያወሩኝ በእናቴ በኩል ሆነ። ሦስታችንም አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን «ለልጅሽ ንገሪያት፣ እግሯን ከጠረጴዛው ላይ ታውርድ» ይላሉ። እናቴ መጀመሪያ መጀመሪያ ታስተላልፍ ነበር፤ ኋላ ሰለቻትና ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል «ሰምታለች» ብቻ ማለት ጀመረች። ጓደኛዬ ይሥቃል። እኔ ግን ውስጤ እርር ይል ነበር። አባባ ፊቴን እያዩ አንዲት ቃል ቢሉኝ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር፤ ይህንንም ለማንም አልተናገርሁም።

አባባ ጡረታ የወጡ የፋብሪካ መካኒክ ናቸው። ተወልደው ያደጉት ግን ጣና ማዶ ደልጊ ነው፤ መድኃኒት ከአባታቸው ተምረዋል። አይሸጡም፤ ለቤተሰብና ለጎረቤት ብቻ ነው የሚሰጡት፣ ምን እንደሆነም አይናገሩም። አንድ ቀን ከኋላችን ቆመው ባለታሪካችን እየሮጠች ቅጠል ስትበጥስ አዩ። እንደሚመስለኝ ሊያልፉ ነበር፤ አልቻሉም።

«ለልጅሽ ንገሪያት» አሉ ወደ ማድ ቤቱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ይቺ ሴትዮ የምትለቅመው መድኃኒት አይደለም፤ ጎመን ነው።»

ከዚያ በኋላ ለእናቴ እየነገሩ አስተማሩን። መድኃኒት የሚለቅም ሰው ጠዋት ከመኝታው ተነስቶ ቅጠሉን እስኪቆርጥ ድረስ ከማንም ጋር አይነጋገርም። ወዴት እንደሚሄድም አይታወቅበትም። አንዲት ቃል ካመለጠችው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ መድኃኒቱ ለዚያ ቀን ኃይል የለውም። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች «ሰምታለች» አለች። እኔማ ከመስማትም አልፌ በደስታ ልዘል ነበር። በእኛ አገር ጠዋት ከቤት ወጥቶ፣ እንደምን አደራችሁ ሳይባባሉ መንደር ማለፍ! ከዚህ የሚከብድ የቱ ዘንዶ ነው?

ጨዋታው ውስጥ አስገባነው። ባለታሪካችን ማልዳ ስትወጣ ዓሣ አጥማጁ፣ ጦር የያዘው ዘበኛ፣ መንደርተኛው ሁሉ ሰላም ይላታል፤ ተጫዋቹ ወይ ይመልሳል ወይ ዝም ይላል። ከመለሰ ቅጠሉ ከንቱ ነው። ዝም ካለ ደግሞ «ኮራች» ይባልና ሙቀጫ የሚያውሳት ታጣለች። መጨረሻ ላይ አጥሯ ሥር የተቀመጠች አሮጊት ሣልሁ፤ «እንዴት አደርሽ ልጄ? እናትሽስ? ጉልበቷ ተሻላት?» የምትል።

የአክስቶቼን ልጆችና ጓደኞቻችንን ጠርተን እንዲሞክሩት ሰጠናቸው። ሕጉን ሁሉም ያውቃል፤ አንብበውታል፣ እኔም ነግሬያቸዋለሁ። አንድም ሰው አላለፈም። ዓሣ አጥማጁን ጭጭ ብለው ያልፉታል፣ ባለ ጦሩን ያልፉታል፣ አሮጊቷ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ብድግ ይልና ይመልስላታል። ለምን ስላቸው «አሮጊት እኮ ናት!» ብለው እኔን ይቆጡኛል። አንደኛው የአክስቴ ልጅ ጨክኖ አለፋት፤ ቅጠሉ ጋ ሊደርስ ሲል አላስችል ብሎት ይቅርታ ሊጠይቃት ተመለሰ። ባለታሪካችን ሳትናገር ጎንበስ ብላ እጅ የምትነሳበት ቁልፍ ብንጨምርም አሮጊቷ «ምነው፣ አፍሽን ምን ነካሽ?» ስትል ሁሉም ደንግጠው ደህና ነኝ ይሏታል።

እኔ በሣቅ ስሞት ጓደኛዬ ግን መረረው። የመጀመሪያውን ደረጃ ማንም የማያልፈውን ጨዋታ ማን ይገዛናል አለ። ተከራከርን፣ ተጨቃጨቅን፣ በመጨረሻ ላፕቶፑን ዘጋና «ወይ አሮጊቷ ትውጣ ወይ እኔ ልውጣ» ብሎ ሄደ። ስልኬንም አያነሳም። ቀናት እያለፉ ሲሄዱ ልቤ ዛለ። የድሮ ቢሮዬ ደውዬ ቦታዬ ክፍት እንደሆነ ጠየቅሁ፤ ክፍት ነው አሉኝ።

በዚያው ሰሞን እናቴን ግማሽ ራሷን የሚያማት ነገር ተነሳባት። ለዚህ የሚሆነውን ቅጠል አባባ የሚያገኙት ከከተማው ዳር ዘንዘልማ ነው፤ ብቻቸውን እንዳይሄዱ ደግሞ ጉልበታቸው አስቸግሯቸዋል፣ ባጃጅ ውስጥም የሚናገርላቸው ሰው ያስፈልጋል። ማታ ራሷን በነጠላ ጥፍር አድርጋ ለተኛችው እናቴ «ለልጅሽ ንገሪያት፣ ነገ አፌ እሷ ናት» አሏት።

ጠዋት የባጃጁ ሹፌር «አባቴ፣ እንዴት አደሩ?» ሲል አባባ ጭጭ። ወዴት እንደምንሄድ መናገር ስለማይቻል «ጥርሳቸውን አሟቸው ነው» አልሁ። ምነው ባላልሁ! ሹፌሩ ቅርንፉድ ይያዙበት አለ። አጠገባችን የተቀመጡት ሴትዮ ቅርንፉድ ምን ያደርጋል ብለው ነጭ ሽንኩርት አዘዙ፤ አልበቃቸውም፣ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው የተነቀለው ጥርሳቸው የቱ ጋ እንደነበር ለአባባ አሳዩአቸው። አባባ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔን በዓይናቸው ሊውጡኝ ደርሰዋል።

ዘንዘልማ ወርደን በአዳዲሶቹ ቤቶች መሠረትና በድንጋይ ክምር መካከል ሄድን። ያልተነካ የቁጥቋጦ አጥር ገና አለ። አባባ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። መመለስ እንደማይችሉ ሳውቅ አፌ ተፈታ። ጓደኛዬ ጥሎኝ እንደሄደ ነገርኋቸው። በሳቸው ትምህርት የሠራሁት መንደር በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የምወደው እንደሆነ ነገርኋቸው። ቢሮ እንደደወልሁም ነገርኋቸው።

«ሰኞ እመለሳለሁ፣ አባባ» አልሁ። «ጨዋታውን ትቼዋለሁ። ደስ ይበልዎት።»

አባባ አጥሩ ሥር ተንበርክከው እጃቸውን ወደ ቅጠሉ ዘርግተው ነበር። እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ዞር ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«አትተይው» አሉ።

በድንጋጤ አፌን በእጄ ያዝሁ። እሳቸው እጃቸውን ከቅጠሉ መለሱና ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሱ። «እናትሽ ዛሬ ክኒኗን ትዋጥ፤ ነገ እንመጣለን» አሉኝ። እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል። አባባ ክንዴን ተደግፈው መንገድ ጀመሩ፤ አሮጊቷ ከጨዋታው እንዳትወጣ፣ ባለ ጦሩ ግን እንዲወጣ፣ ጓደኛዬን ራሳቸው እንደሚያናግሩት እየነገሩኝ እስከ አስፋልቱ ድረስ አፋቸው አልተዘጋም፤ እኔ ነኝ አንዲት ቃል መመለስ ያቃተኝ።