የስታርሌቷ መጥረጊያ

የዝናብ መጥረጊያ ደረቅ መስታወት ሲፍቅ የሚያወጣውን ሲጥታ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ሌላው ሰው ጆሮውን ይይዛል። እኔ ከመቀመጫዬ እነሳለሁ።

ያኔ ሶዶ ውስጥ በሰፈራችን ቀይ ስታርሌት የሚነዳ ልጅ ያልፍ ነበር። መኪናዋ ጃፓን ስትሠራ መሪዋ በቀኝ ነበር፤ እዚህ ወደ ግራ አዞሩላት። የፍሬቻና የመጥረጊያ ማብሪያዎቿ ግን ቦታቸውን አልለቀቁም። መጀመሪያ ያየሁት ቀን በበራችን ሊታጠፍ ፍሬቻ ያበራ መስሎት በጠራራ ፀሐይ መጥረጊያውን አስነሳው። ከት ብዬ ሳቅኩበት፤ ፍቅራችን ከዚያ ጀመረ።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለነበር ክላክስ አይታሰብም። መጥረጊያው ምልክታችን ሆነ፤ ደረቅ መስታወት ከፋቀ፣ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ጥግ ይጠብቀኛል ማለት ነው። መኪናዋ ውስጥ ቤንዚንና የብርቱካን ልጣጭ ይሸት ነበር። ታሪኳን እንደ ዘር ሐረግ ይቆጥርልኛል።

"መጀመሪያ የሚገፋት የኋላ ጎማዋ ነበር። ቀጥሎ በፊተኛው ጎማ እንድትሳብ አደረጓት። ትንሽ ናት ብለሽ እንዳትንቂያት፣ ቱርቦ ያላት እህት አለቻት! አሁን መሥራቱን ተዉት፤ በሷ ቦታ ቪትዝ መጣች።"

"አንተም እንዲህ ትቀይረኝ ይሆናላ።"

"እኔ ሞዴል ቀያሪ አይደለሁም!"

አንድ ቀን ከዳሞታ ተራራ የወረደ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። ዓይን የሚያቃጥለውን የቃሪያ ዳጣ እየፈጨሁ በመስኮት አየሁት። ቀስ ብሎ አለፈ፤ መጥረጊያው ይሠራል። ዝናቡ ነው ብዬ ፈገግ አልኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ለዝናብ ቀን ምልክት አላበጀንም ነበር።

በሳምንቱ እህቱ መጣች። "ደቡብ አፍሪካ ሄደ እኮ። ስታርሌቷንም ሸጣት። 'እሺ ካለችኝ እቀራለሁ' ብሎ በዚያ ዝናብ እስኪጨልም ትምህርት ቤቱ ጥግ ጠበቀሽ።"

እናቴ ለምን እንደማለቅስ ስትጠይቀኝ "ዳጣው ነው" አልኳት። ዳጣውን የፈጨሁት ግን ያለፈው ሳምንት ነበር።

እዚያው አግብቶ ወለደ አሉ። ሞዴል ቀየረ ብዬ ልቀየመው እንኳ አልቻልኩም፤ ያልወጣሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው በጋ በሚኒባስ ወደ ቦምቤ ስሄድ፣ ሻንቶ ላይ ቀለሟ የለቀቀ ስታርሌት ከፊታችን ልትታጠፍ ስትል መጥረጊያዋ ሲጥ አለ። ሰማዩ ላይ ደመና የለም። የሚነዷት የማላውቃቸው አዛውንት ናቸው።

"ወራጅ አለ!" አልኩ።

"እህቴ፣ ቦምቤ ገና ነው እኮ" አለኝ ሹፌሩ።

"አውቃለሁ" አልኩት። ወርጄ መታጠፊያው ጥግ ላይ ቆምኩ።