ቅጠል የለበሰው ምሰሶና የአቶ ጋሩማ ማኅተም

የነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ነዋሪ ሆይ፣ ባለህበት ቆመህ ስማ! ባጃጅህን አቁም፣ ጃንጥላህን እጠፍ! የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊው፣ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን ማኅተም ጠባቂው፣ የጥርጣሬ ሊቀ ሊቃውንት አቶ ጋሩማ በስዊድን አገር ላይ ምርመራ ከፍተዋል።

ምክንያቷ ልጃቸው ቦንቱ ናት። እዚያ ከሄደች አምስት ዓመት ሆናት፤ ሐምሌ ላይ ልታገባ ነው። የሚያጋባት የዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከነቀምቴ ቤተ ክርስቲያኗ «ምግባሯ የተመሰከረ» የሚል ደብዳቤ ካልመጣ አላጋባም ብሏል። ደብዳቤው ተጽፏል፤ የቀረው ማኅተም ብቻ ነው። ታዲያ ልጅቷን ምን አቀበጣት? በዚያው ሳምንት ፎቶ ላከች፦ ሐይቅ ዳር፣ ሣር ላይ ተንጋላ፣ የአበባ አክሊል ደፍታ።

የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አቶ ጋሩማ ፎቶውን በሁለት ጣት ለጥጠው የተጣመመ ስፌት እንደሚፈልግ ሰው መረመሩት። አጥር የለም። ዘበኛ የለም። «ባለቤት የሌለው ሣር የት አገር አለ?» አሉ። ከኋላዋ ቅጠል የለበሰ ረጅም ምሰሶ ቆሟል፤ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዞሩታል። አያታቸው የመንደሩን የአምልኮ ዛፍ፣ ኦዳውን፣ በገዛ መጥረቢያቸው የጣሉት «ዛፍ አትዙሩ» ብለው የስዊድን ሚስዮናውያን አስተምረዋቸው ነው እኮ!

ደወሉ።

«ዛፉን ዞረሻል?»

«ዛፍ አይደለም፣ አባ፣ ምሰሶ ነው። የበጋ በዓላቸው ነው።»

«ቅጠል ለብሷል?»

«ለብሷል።»

«ዞረሻል?»

«ሁሉም ዞረ፣ ፓስተሩም ጭምር! እንደ እንቁራሪት እየዘለልን…»

«እንደ ምን?»

ሚስታቸው ድርቤ ከጓዳ ሳቋን ለቀቀችው። «አባ ቦንቱ፣ ያያትህን ዛፍ ወስደው ተክለውት ይሆናላ! ሂድና አስመልስ።»

እሳቸው ግን ምርመራቸውን ቀጠሉ። «ፎቶውን ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ ተነሳሁት ብለሽ ጽፈሻል። ፀሐይዋ ግን ቁልጭ ብላለች።»

«እዚህ በበጋ ቶሎ አትጠልቅም፣ አባ።»

«ለኢያሱ አንድ ቀን ቆመች። ለእናንተ በየዓመቱ ትቆማለች?»

ስልኩን ዘጉ። ማኅተሙን በካልሲ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት።

አሁን ሰርጉ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ድርቤም መሳቅ አቁማለች። ባለፈው ጥር በሰርግ ድንኳን ውስጥ የመሐሉን ምሰሶ እየዞራችሁ አቧራ ያስነሳችሁ አንባቢዎች ሆይ፣ ከእናንተ አንድ ደፋር ካለ፣ እባካችሁ ወደ አቶ ጋሩማ ሱቅ ጎራ ብሎ «እኛም እኮ ምሰሶ ዞረናል» ይበላቸው…