በባሕር ለሚሄዱት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሳሮን ውጭ አገር ከምንኖርበት ሰፈር ከሆሎዌይ ባቡር አሳፍራ አንድ የአውሮፕላን ሙዚየም ወሰደችኝ። ከአንድ አሮጌ አውሮፕላን ፊት ቆምኩ። ሆዱ ጀልባ ነው፤ ከላዩ ክንፍ፣ ውስጡ ጎን ለጎን ሁለት መቀመጫ።

«ማሚ፣ ድሮ ፓይለቶች ትሬይን የሚያደርጉበት ነው። ውኃ ላይ ነው የሚያርፈው» አለችኝ ጽሑፉን አንብባ።

«አውቀዋለሁ» አልኳት። አላመነችኝም።

ልጅ እያለሁ ምጽዋ ነበር የምንኖረው፤ አባቴ ወደቡ ላይ ይሠራ ነበር። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን በሚያሰጡበት ዳርቻ፣ ከጣሊያን ጊዜ የቀረ እንዲህ ያለ አውሮፕላን ወድቆ ነበር። ክንፍ የለውም። ውስጡ የጨውና የበሰበሰ እንጨት ሽታ አለው። የሰፈራችን አንድ አዛውንት፣ አንዱ መቀመጫ የአስተማሪ ሌላው የተማሪ እንደነበር ነግረውናል። ታላቅ ወንድሜ ተስፋዬ ሁልጊዜ አስተማሪ፣ እኔ ሁልጊዜ ተማሪ ነበርኩ። አሸዋ ላይ በወደቀው አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠን «ወደ ታች አትዪ፣ ያዞርሻል» ይለኝ ነበር።

ተስፋዬ ካደገ በኋላ አብራሪነት ሊማር ደብረ ዘይት ሄደ። እናቴ ጭንቅ ያዛት። በቅርብ ያየችው አውሮፕላን ያ ዳርቻው ላይ የወደቀው ብቻ ነበር። በቅዳሴ ስለ መንገደኞች ሲጸለይ በየብስ የሚሄዱት ይታሰባሉ፤ በባሕር የሚሄዱትም ይታሰባሉ። በአየር ሲባል ሰምታ አታውቅም። ስለዚህ ባሕር ሲባል አንገቷን ዝቅ አድርጋ ስሙን ታነሣ ነበር። እኔ ግን ግራ ገባኝ። ደብረ ዘይት ወዲያ፣ ባሕር ወዲህ። ጸሎቱ ለሌላ ሰው ቢደርስስ? ተስፋዬ ቢወድቅስ? የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

ለፋሲካ ሲመጣ የእናታችንን ጸሎት ነገርኩት፤ ሳቀና ወደ እሷ ዞረ።

«እማዬ፣ የእኛ አውሮፕላን ጎማ ነው ያለው። ውኃ አይነካም።»

«መጥተህ የለ?» አለችው።

እናቴ አንድ አውሮፕላን ታውቅ ነበር፤ እኔ ግን በመስኮቴ የሚመላለሱት ከመብዛታቸው የተነሣ መቁጠሩን ትቻለሁ። አሁን ደግሞ ሳሮን ለበረራ ትምህርት አፕላይ አድርጋ፣ ተቀብለዋታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ትጀምራለች። ትናንት በቅዳሴ ባሕር ሲባል አንገቴ በራሱ ዝቅ አለና ስሟን አነሣሁ።

«ማሚ፣ እኔ እኮ በመርከብ አልሄድም» አለች ከጎኔ በሹክሹክታ።

«ዝም ብለሽ ጸልዪ» አልኳት።

ነገሩ ዛሬም አልገባኝም። ተስፋዬ ግን በሰላም በሮ፣ በሰላም ጡረታ ወጥቷል። ተመስገን።